የአያቴ ቪዲዮ ድምፁ ይሰማል ምስሉ የለም፣ ኮዴክ ስጭን ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ

የዘጌ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባህር ዳር ነው። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ቀኑ እየሄደብኝ ነው።

አያቴ ዘጌ ነበር የምትኖረው። ለጥምቀት ያጎቴ ልጅ ከውጭ መጥቶ በጀልባ አብረን ተሻገርንና በአይፎኑ ቀረጻት። ደጅ የተሰጣውን ቡና በእጇ ስታገላብጥ፣ ከዚያ ቤት ገብታ ስትቆላ፣ ስለ ልጅነቷ ስታወራ፣ ብቻ ግማሽ ቀን ሙሉ አጠገቧ ነበርን። እኔ እስከማውቀው በቪዲዮ የተቀረጸችው ያን ቀን ብቻ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ አረፈች። አርባዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እናቴ «ከዚያ በፊት አንዴ ልያት» እያለችኝ ነው።

ያጎቴ ልጅ ሊሄድ ሲል አራት ቪዲዮ በፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። ያኔ አልከፈትኩትም። አሁን ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው ሦስቱ ድምፅ ብቻ ናቸው። ድምጿ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ዘነዘናው ሙቀጫው ላይ ሲያርፍ እንኳን ይሰማል፣ እሷ ግን የለችም። ጥቁር ነው። አራተኛው ደግሞ ከነጭራሹ አልከፈት አለ።

የዊንዶውሱ ማጫወቻ አንድ ማከያ ግዛ አለኝ፣ አንድ ዶላር ገደማ ነው፣ ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ደግሞ «ኤችቪሲ1 የሚባለውን አይነት አላውቀውም» የሚል ነገር ይጽፋል። ከዚያ ኮዴክ ፓክ፣ ማለትም የቪዲዮ ማንበቢያዎች ጥቅል፣ ጫን አሉኝ። አንዱን ከጓደኛዬ ፍላሽ፣ ሁለቱን ከኢንተርኔት አወረድኩ። ሦስቱንም ጫንኩ። ምስሉ አልመጣም፣ ይልቅ ደህና የነበሩት ተበላሹ። የእህቴ የሠርግ ቪዲዮ ተገልብጦ፣ ሰዎቹ በጭንቅላታቸው ቆመው ነው የሚታየው። ፊልም ስከፍት ሰብታይትሉ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ይወጣል። ከታች ሰዓቱ አጠገብ ትንንሽ አረንጓዴ ቀስቶች መጥተዋል፣ አንዳንዴ ሦስት ይሆናሉ። አንድ ድረ ገጽም «ማጫወቻህ አርጅቷል አድስ» ሲለኝ አወረድኩና ከፈትኩት፣ ከዚያ ወዲህ ብሮውዘሬ የማላውቀው ገጽ ላይ ነው የሚከፈተው።

ላፕቶፑ ኮር አይ5 አራተኛ ትውልድ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 10። ቪዲዮዎቹ ተበላሽተው ይሆን? ላፕቶፑን ፎርማት ላድርገው?

ፖሊ_ሰፈር | ማክሰኞ ማታ 4:05

ነፍስ ይማር ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

መጀመሪያ ፎርማት አታድርግ። ፍላሹ ላይም ምንም ነገር አትጻፍበት፣ አትደልትበት። አራቱንም ፋይል አሁኑኑ ላፕቶፑ ላይ ኮፒ አድርግና ፍላሹን አስቀምጠው።

ሦስቱ አልተበላሹም። ድምፁ ጥርት ብሎ ከመጣ ፋይሉ ደህና ነው፣ ላፕቶፕህ ምስሉ የተጻፈበትን መንገድ ማንበብ ስላቃተው ነው። አንተ የዘጌ ልጅ ስለሆንክ በቡና ላስረዳህ። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የምታየው ኤምፒ4፣ ኤምኦቪ፣ ኤምኬቪ የሚባለው ጆንያው ነው። ጆንያው አንድ ዓይነት ሆኖ ውስጡ ጀንፈል ሊሆን ይችላል፣ የተፈለፈለ ሊሆን ይችላል፣ የተቆላም ሊሆን ይችላል። ኮዴኩ ማለት ውስጡ ያለው የተዘጋጀበት መንገድ ነው፣ ያን የሚፈታውን ማንበቢያም ኮዴክ ይሉታል። አንድ ፋይል ውስጥ ምስሉ በአንድ ኮዴክ፣ ድምፁ በሌላ ኮዴክ ነው የሚታሸገው። ያንተ ማጫወቻ ድምፁን አወቀው፣ ምስሉን አላወቀውም። ለዚህ ነው ድምጿ መጥቶ እሷ የቀረችው።

ያ «ኤችቪሲ1» ያለህ ቃል ሁሉንም ተናግሯል። ኤችኢቪሲ ማለት ነው፣ ኤች 265 የሚሉትም እሱኑ ነው። አይፎን ከ2017 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 11 ወዲህ፣ ካልቀየርከው በቀር ቪዲዮ የሚቀርጸው በዚህ ነው። ምክንያቱ ቦታ ነው። በድሮው በኤች 264 አንድ ደቂቃ 130 ሜጋ የሚወስደው ቪዲዮ በዚህ 60 ሜጋ ገደማ ይበቃዋል።

አሁን አንድ ነገር እይልኝ። ቪኤልሲህን ክፈትና ሄልፕ ውስጥ ግባ፣ አባውት በለው፣ ስንት ቁጥር ነው የሚለው?

የዘጌ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 4:12

2.0.1 ይላል። ግቢ እያለሁ ከጓደኛዬ ፍላሽ የወሰድኩት ነው።

ፖሊ_ሰፈር | ማክሰኞ ማታ 4:21

አገኘነው። ቪኤልሲ 2.0 የወጣው በ2012 ነው። ኤች 265 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው በ2013 ነው። ማጫወቻህ ከኮዴኩ በፊት የተሠራ ስለሆነ የማያውቀውን ነገር ነው የጠየቅከው። እዚህ አገር ሶፍትዌር ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ስለሚዞር የአሥር ዓመት ዕቃ እንደ አዲስ እየጫንን ነው የምንኖረው፣ ይሄን ነገር በየቀኑ ነው የማየው።

ቪኤልሲ 3ን ከሠሪው ከቪዲዮላን ከራሱ ድረ ገጽ አውርድ። ነጻ ነው፣ ከ50 ሜጋ አይበልጥም፣ ብዙ ዳታ አይበላብህም። ለቪኤልሲ ተብሎ የተለየ ኮዴክ አይጫንም፣ ማንበቢያዎቹን ሁሉ በራሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚመጣው። ያን የአንድ ዶላር ማከያም አያስፈልግህም። እሱ ለዊንዶውሱ ለራሱ ማጫወቻና ለመሳሰሉት ነው፣ ለቪኤልሲ አይደለም።

የድሮ_ቪዲዮ_ቤት | ረቡዕ ጠዋት 1:40

እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር ልጄ። እኔ ሽምብጥ አካባቢ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ፣ ከካሴት ጀምሮ እስከ ፍላሽ ድረስ ሠርቻለሁ። ፖሊ ሰፈር ስለ ቪኤልሲ ያለህ ልክ ነው። እኔ ስለተገለበጠው የእህትህ ሠርግ ልንገርህ፣ ምክንያቱም እሱ ሌላ በሽታ ነው። የመጀመሪያው ኮዴክ ማጣት ነው፣ ይሄኛው ኮዴክ መብዛት ነው።

ዊንዶውስ ላይ ብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች የራሳቸው ማንበቢያ የላቸውም። ከሲስተሙ ነው የሚዋሱት። እያንዳንዱ የተጫነ ኮዴክ ደግሞ የማዕረግ ቁጥር ይዞ ይመዘገባል፣ ሜሪት ይሉታል። ቪዲዮ ሲከፈት ሲስተሙ ሥራውን የሚሰጠው ማዕረጉ ከፍ ላለው ነው። ታዲያ ኮዴክ ፓክ የሚሠሩ ሰዎች የኔ ይመረጥ እያሉ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ሦስት ፓክ ስትጭን ሦስት ሰው አንድ መሪ ይዞ እንደሚነዳው መኪና ነው የሚሆነው። አንዱ ምስሉን ይፈታና ለሌላው ያቀብላል፣ ሌላው ምስሉ ከላይ ወደ ታች ይሁን ከታች ወደ ላይ ይሁን በራሱ ልማድ ያነበዋል፣ በቃ ሰዎቹ ተገለበጡ። የሠርጉ ፋይል ምንም አልሆነም፣ አትደንግጥ።

እነዚያ አረንጓዴ ቀስቶች የሰብታይትል ማጣሪያዎች ናቸው። አንድ ቀስት አንድ ሰብታይትል ጻፊ ማለት ነው። ሁለት ሲሆኑ ሁለቱም ይጽፋሉ፣ ለዚህ ነው የተደራረበብህ። እኔ ቤት ሰው ኮምፒውተር ይዞ ሲመጣ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ቦታ ነበር መጀመሪያ የማየው። ሁለት ቀስት ካየሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልገኝም።

እንዲህ አድርግ። ሴቲንግ ግባ፣ አፕስ በለው፣ ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ደርድረው። በነዚህ ቀናት የጫንካቸውን ኮዴክ የሚል ስም ያላቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አንኢንስቶል አድርግ። መጨረሻ የጫንከውን መጀመሪያ አውጣ፣ ቅደም ተከተሉ ይረዳል። እያንዳንዱን ካወጣህ በኋላ ሪስታርት አድርግ፣ ይሰለቻል ግን አትዝለለው። አሮጌውን ቪኤልሲም አውጣ። ከዚያ ቀስቶቹ ጠፍተው እንደሆነ እይ። አንድ እንኳን ከቀረ ተሰብሮ የቀረ ምዝገባ አለ ማለት ነው፣ እሱን ኮዴክ ትዊክ ቱል የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ፈልጎ ያወጣልሃል። ኬ-ላይት የሚባለውን ኮዴክ ፓክ የሚያዘጋጁት ሰዎች የሠሩት ነው፣ ለብቻውም ይገኛል።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ሰው ሁሉ ለኮዴክም የሚሠራ ይመስለዋል። እዚህ ላይ አይሠራም። ለቪዲዮው ግን ይሠራል፣ የአያትህን ፋይል ሁለት ቦታ ሳታስቀምጥ እንዳታድር።

ንቁ_ሁኑ | ረቡዕ ጠዋት 3:15

ሁላችሁም ስለ ኮዴኩ ነገራችሁት፣ «ማጫወቻህን አድስ» ብሎ ያወረደውን ነገር ግን ማንም አላነሳውም። ለኔ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ይሄ በጣም ያረጀ ማታለያ ነው። በ2005 መጨረሻ የታየው ዝሎብ የሚባለው ትሮጃን (ደህና ፕሮግራም መስሎ የሚገባ ቫይረስ) የተሰራጨው እንዲሁ ነበር። ቪዲዮ ሊታይ ሲል «ኮዴክ ይጎድልሃል» ይላል፣ ሰው ያወርዳል፣ ኮዴክ ሳይሆን ቫይረስ ነው። እስካሁንም በሌላ በሌላ መልክ አለ። ብሮውዘርህ የማታውቀው ገጽ ላይ ከተከፈተ የሆነ ነገር ገብቷል ማለት ነው።

ፍላሹን መልሰህ ከመሰካትህ በፊት ላፕቶፑን ሙሉ ስካን አድርግ። የዊንዶውስ ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን የሚል አለው፣ እሱን ምረጥ፣ ራሱ ሪስታርት አድርጎ ከዊንዶውሱ ውጭ ሆኖ ይፈትሻል። ከዚያ የብሮውዘርህን ኤክስቴንሽን አይተህ ያልጫንከውን አውጣ። ፍላሽ ላይ ፎልደሮች ወደ ሾርትከት ሲቀየሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? የአያትህ ቪዲዮ ያለበት ፍላሽ ላይ እንዲህ ሲሆን ማየት አልፈልግም።

የዘጌ_ልጅ | ሐሙስ ማታ 2:50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ያላችሁኝን በሙሉ በቅደም ተከተል አደረግኩ። ትናንት ማታ መሃል ላይ መብራት ሄዶ ነበር፣ ለዚያ ነው የዘገየሁት።

ስካኑ ሁለት ነገር አገኘና አወጣ። ብሮውዘሬ ተስተካከለ። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉኝ ሦስቱንም ፓክ ከመጨረሻው ጀምሬ አወጣሁ። አንድ ቀስት አልወጣ ብሎኝ ነበር፣ ያሉኝ ፕሮግራም አጠፋው። የእህቴ ሠርግ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ከዚያ አዲሱን ቪኤልሲ ጫንኩና የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፈትኩ። አየኋት። ሰሌኑ ላይ ቡናውን በመዳፏ ስትገፋው፣ ከዚያ አንዷን ፍሬ አንስታ ጥርሷ ላይ አድርጋ ደርቃ እንደሆነ ስትሞክር። ይሄን ማድረጓን ረስቼው ነበር። ሁልጊዜ እንዲያ ታደርግ ነበር። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም፣ ሁሉም ሲስተካከል ላሳያት ብዬ ነው።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ምስሉ ይቆራረጣል። ሁለት ሰከንድ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል። አንዳንዴም ግራጫ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አራተኛው አሁንም አልተከፈተም። አዲሱ ቪኤልሲ ይከፈታል፣ ሰዓቱ ላይ ዜሮ ይላል፣ ዝም ይላል።

ኤዲተር_ነኝ | ሐሙስ ማታ 4:30

ወንድሜ፣ ያቺን የቡና ፍሬ ነገር ሳነብ የኔዋ አያት ትዝ አለችኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

እኔ የሠርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው፣ ከዲያስፖራ የሚመጣ የአይፎን ፋይል በየሳምንቱ ነው የሚደርሰኝ። ሁለቱም ጥያቄህ ከኮዴክ ማጣት ጋር አይገናኝም አሁን።

መቆራረጡ የላፕቶፑ አቅም ነው። ኤች 265 ቦታ የሚቆጥበው በብዙ ስሌት ነው፣ ሲከፈትም ያን ስሌት መልሶ መሥራት አለበት። አዳዲስ ላፕቶፖች ለዚህ ብቻ የተሠራ ክፍል ቺፓቸው ውስጥ አለ። በኢንቴል በኩል በደንብ የገባው ከስድስተኛው ትውልድ ነው፣ አሥር ቢት ለሚባለው፣ ብዙ ቀለም ለሚይዘው ቪዲዮ፣ ደግሞ ከሰባተኛው። ያንተ አራተኛ ስለሆነ ሁሉንም በፕሮሰሰሩ ጉልበት ነው የሚሠራው፣ ቪዲዮው ደግሞ መቼም 4ኬ፣ በጣም ትልቅ ጥራት ያለው፣ ነው። ቪዲዮው እየሄደ ኮንትሮልን ይዘህ ጄን ስትጫን የኮዴክ መረጃው ይመጣል፣ ስፋቱ 3840 ካለ 4ኬ ነው።

ስለዚህ ለማየት የሚሆን ቀለል ያለ ኮፒ ሥራ። ሃንድብሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ከራሱ ድረ ገጽ አውርደው። ሲከፈት ዶት ኔት የሚባል ነገር ጫን ሊልህ ይችላል፣ እሱ ትክክለኛ ነው፣ ከማይክሮሶፍት ገጽ ነው የሚወርደው። ቪዲዮውን ጎትተህ አስገባው። ሲጀምር ራሱ «ፋስት 1080ፒ30» የሚል ምርጫ ላይ ነው ያለው፣ አትንካው። ያ ማለት ምስሉን ወደ ኤች 264፣ ድምፁን ወደ ኤኤሲ ያደርግልሃል፣ ይሄን የማይከፍት ዕቃ አሁን ማግኘት ይከብዳል። የሚያስቀምጥበትን ስም ለይተህ ስጠው፣ «ለማየት» በለው። ባንተ ላፕቶፕ ቪዲዮው ከሚፈጀው ሦስት አራት እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ አስጀምረው፣ መብራት ቢሄድ ከመሃል እንዳይቋረጥብህ።

ግን አደራ፣ ኮንቨርት ካደረግህ በኋላ ዋናውን እንዳትደልት። ኮንቨርት በተደረገ ቁጥር ከምስሉ የሆነ ነገር ይቀነሳል፣ የተቀነሰው ደግሞ አይመለስም። ሰው ቦታ ጠበበኝ ብሎ ዋናውን አጥፍቶ ከአምስት ዓመት በኋላ ፎቶ አውጪልኝ ብሎ ይመጣል፣ የማደርግለት ነገር የለኝም፣ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ዋናውን በሃርድ ዲስክ ያዘው።

አራተኛው ግን ሌላ ነው። ኮዴክ ሲጎድል ሰዓቱን ያሳያል፣ ምስሉን ብቻ ነው የማያሳየው። ያንተ ዜሮ ነው የሚለው። ፋይሉ ኮፒ ሲደረግ ሳያልቅ የተቆረጠ ይመስለኛል። እነዚህ ኤምኦቪና ኤምፒ4 የሚባሉት በውስጣቸው ማውጫ አላቸው፣ የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገር። ስልክ ሲቀርጽ ያን ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። ጫፉ ከተቆረጠ ማውጫው የለም፣ ማውጫ ከሌለ አንድ ጊጋ ምስል ቢኖርም ማጫወቻው የት ብሎ ይጀምር? ኮዴክ ብትጭንበት ብትጭንበት አይከፈትም።

ያጎትህን ልጅ ጠይቀው፣ ስልኩ ላይ ያለው ዋናው ስንት ሜጋ እንደሆነ ይይልህ። ከዚያ ካንተ ጋር አስተያዩት።

የዘጌ_ልጅ | ዓርብ ቀን 7:10

ደወልኩለት። ስልኩ ላይ 1.4 ጊጋ ነው። እኔ ጋ ያለው 610 ሜጋ ነው። ለካ ያን ቀን ኤርፖርት ረፈደ ብለውት ኮፒው ሳያልቅ ፍላሹን ነቅሎታል። እግዚአብሔር ይመስገን ከስልኩ አላጠፋውም። በቴሌግራም ላክልኝ ልበለው?

ኤዲተር_ነኝ | ዓርብ ቀን 7:25

በለው፣ ግን «እንደ ፋይል» ብሎ ይላከው። እንደ ቪዲዮ ከላከው ቴሌግራም ራሱ ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ የሚደርስህ ሌላ ቪዲዮ ነው። እንደ ፋይል ሲላክ አይነካውም፣ እስከ 2 ጊጋ ድረስ በነጻ ይሄዳል፣ ያንተ 1.4 ስለሆነ ይበቃል። ሲደርስህ መጠኑን አመሳክር።

ለወደፊትም ንገረው። ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ሲል ሁለት ምርጫ አለ፣ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ካደረገ በኤች 264 ነው የሚቀርጸው። ቦታ ይበላበታል፣ ግን እዚህ ለዘመድ የሚሰጠው ቪዲዮ በማንም ላፕቶፕ ይከፈታል።

የድሮ_ቪዲዮ_ቤት | ዓርብ ቀን 9:00

አንድ ነገር ልጨምር። ለአርባው ቲቪ ላይ የምታሳዩ ከሆነ ፍላሹን ቀድመህ እዚያው ቲቪ ላይ ሞክረው። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው አሠራር ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ይላል። ኤዲተሯ ባለችህ የሠራኸው ኮፒ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሚሆን ችግር የለውም። ሲያልቅ ደግሞ ኢጀክት ሳትል አትንቀል፣ አራተኛው የተጎዳው በዚሁ ነው።

የዘጌ_ልጅ | ቅዳሜ ማታ 3:35

አራቱም ሠሩ።

ፋይሉ ሌሊት ሲወርድ አደረ፣ 1.4 ጊጋ ሙሉውን ደርሷል። ሃንድብሬኩ አራቱን ለመጨረስ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ፈጀ፣ አሁን ምንም አይቆራረጥም። ዋናዎቹ አንድ ኮፒ ሃርድ ዲስክ ላይ አሉ፣ አንዱን ለእህቴ ሰጠኋት።

አራተኛው ቪዲዮ ምን እንደሆነ አላስታውስም ነበር። ስንመለስ ጀልባው ጋ ስትሸኘን ነው። ውሃው ዳር ቆማ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ለያጎቴ ልጅ የተፈጨ ቡና በላስቲክ ቋጥራ ትሰጠዋለች፣ ከዚያ ወደ ካሜራው ዞራ «እናትህን ሰላም በልልኝ» አለችኝ። እናቴ ያችን ቦታ መልስልኝ ብላ አራት ጊዜ አየቻት። አሁንም ሳሎን ከእህቴ ጋር እያዩት ነው።

ጋሼ፣ ቲቪው ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ይከፍታል።